ሱፐርቻርጀር ያላት ሚኒ ኩፐር ኤስ፦ ነዳጅ ስሰጣት ዘግይታ ነው የምትመልሰው፣ ቤቴ ላስተካክላት እችላለሁ?

ጥያቄ (ከአውሮራ፣ ኮሎራዶ)

ሰላም ወገኖች። የ2005 ሚኒ ኩፐር ኤስ አለችኝ። አር 53 የምትባለው ናት፣ 1.6 ሊትር ሞተር ከሱፐርቻርጀር (አየር እየጨመቀ ወደ ሞተሩ ከሚገፋ መሳሪያ) ጋር፣ ባለ 6 ማርሽ ማንዋል። ከእኔ በፊት የነበረው ባለቤት በ15 ፐርሰንት የሚያንስ የሱፐርቻርጀር ፑሊ (ቤልቱ የሚያዞረው ክብ) አስገጥሞላታል። የሞተር መብራት አይበራም፣ ዘይት አትበላም፣ እስከ መጨረሻው ስረግጣት ደግሞ ትበራለች። በዚያ በኩል ቅሬታ የለኝም።

ችግሩ ቀስ ብዬ ስነዳት ነው። ከ2,000 እስከ 3,000 ዙር ባለው ቦታ እግሬን ቀለል አድርጌ ይዤ ስሄድ ሳብ ታደርገኝና ትለቃለች፣ እንደገና ሳብ ታደርገኝና ትለቃለች። እግሬን ግን አላንቀሳቀስኩም። ሃቫና ጎዳና ላይ በመጨናነቅ ሰዓት መኪና ለመኪና ተጠግቶ ሲኬድ በጣም ያስቸግራል፣ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው መንዳት የማልችል ነው የሚመስለው። ሁለተኛው ከቆመችበት ስትነሳ ነው። ነዳጅ መስጫውን ስነካው መጀመሪያ ምንም የለም፣ ከዚያ በአንዴ ትዘላለች።

አንድ ጋራዥ ወስጃት ሳያይዋት "ኮምፒውተሯን ሪማፕ እናድርገው" (ፕሮግራሙን እንደገና እንጻፈው) አሉኝ፣ ዋጋው አይቀመስም። ሌላ ጓደኛዬ ደግሞ ፔዳል ቦክስ (የነዳጅ መስጫውን ምልክት የሚያጋንን ትንሽ ሳጥን) ግዛ ይለኛል። እኔ ላፕቶፕ አለኝ፣ መሳሪያም አለኝ፣ መፍታትና መግጠም አልፈራም። ከየት ልጀምር?

አንድ ነገር ልጨምር። ይህ ፑሊ ያላቸው ሰዎች ግፊቱ ወደ 15 ፒኤስአይ ይደርሳል ይላሉ። የእኔ ጌጅ ግን ከ12 ትንሽ አለፍ ብሎ ይቆማል። የሚያፈስ ነገር ይኖር ይሆን?

መልስ (ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ መካኒክ ነኝ)

ወንድሜ፣ ላፕቶፑን ለጊዜው ዝጋው። የነገርከኝ የመጀመሪያው ነገር አር 53 ላይ የታወቀ በሽታ ነው፣ ከሶፍትዌር ጋርም ብዙ ጊዜ ግንኙነት የለውም።

ሱፐርቻርጀሩ በቤልት ከሞተሩ ጋር የታሰረ ስለሆነ ሞተሩ በዞረ ቁጥር ይዞራል፣ አየር መግፋቱንም አያቆምም። ቀስ ብለህ ስትሄድ ግን ያ ግፊት አያስፈልግህም። ስለዚህ የተገፋው አየር ተመልሶ ወደ መግቢያው እንዲዞር የሚያደርግ ባይፓስ ቫልቭ አለ። ቫልቩን የሚከፍተው ቫኪዩም (የሞተሩ አየር መምጠጥ) ነው፣ የሚዘጋው ስፕሪንግ ነው። እግርህን ጫን ስታደርግ ቫኪዩሙ ይቀንሳል፣ ስፕሪንጉ ይዘጋዋል፣ አየሩ በሙሉ ወደ ሞተሩ ይሄዳል። እስከ መጨረሻው ስትረግጥ ሁሌም ዝግ ነው፣ ለዚህ ነው ስትረግጣት ደህና የሆነችው። እግርህን ቀለል አድርገህ ስትይዝ ግን ቫኪዩሙ ልክ ቫልቩ በሚከፈትበትና በሚዘጋበት ድንበር ላይ ይሆናል። ስፕሪንጉ ከደከመ፣ ዘንጉ በቆሻሻ ከተያዘ፣ ወይም ዲያፍራሙ (ቫኪዩሙ የሚስበው ስስ ጎማ) ከተሰነጠቀ ቫልቩ እዚያ ድንበር ላይ መወሰን ያቅተዋል። ይዘጋል፣ መኪናዋ ትስባለች፣ ቫኪዩሙ ይለወጣል፣ ይከፈታል፣ ትለቃለች።

ማረጋገጫው ገንዘብ አያስወጣም። ወደ ባይፓስ ቫልቩ የምትሄደውን ቀጭን የቫኪዩም ቱቦ ንቀላት። ሁለቱንም ጫፍ በደንብ ድፈን፣ በተለይ በሞተሩ በኩል ያለውን ክፍት ከተውከው ራሱ ሌላ ችግር ይፈጥርብሃል። አሁን ቫልቩን የሚከፍተው ነገር ስለሌለ ሁሌም ዝግ ነው። ያው መንገድ ላይ፣ በዚያው ማርሽ፣ በዚያው ዙር ቀስ ብለህ ንዳት። መሳብና መልቀቁ ከጠፋ ጥፋተኛውን አግኝተሃል። ካልጠፋ ደግሞ ባይፓሱን ተወውና ሌላ ቦታ እንፈልጋለን። ይህ ለምርመራ ብቻ ነው፣ እንደዚያው አትተዋት። አየሩ ያለ ጥቅም እየተጨመቀ ይሞቃል፣ ቤንዚንም ትበላለች። ቱቦውን መልስና ግጠም።

እዚያው እያለህ በእጅ የሚሠራ የቫኪዩም ፓምፕ ካለህ ከቫልቩ ጋር አገናኘውና ሳበው። ዘንጉ ሳይንገጫገጭ መንቀሳቀስ አለበት፣ የፓምፑ ጌጅ መርፌም ባለበት መቆየት አለበት። ቀስ እያለ ከወረደ ዲያፍራሙ ያፈሳል።

ሁለተኛው፣ ከቆመችበት ስትነሳ የምትዘለው። እዚህ ላይ ጥርጣሬዬ ሁለት ነው። አንደኛው የስሮትሉ ቦዲ ነው፣ ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚከፍትና የሚዘጋው በር (ቢራቢሮዋ) ያለበት። በነዳጅ መስጫው የሚያዝ ገመድ የለውም፣ ሞተር ነው የሚከፍተው፣ የቢራቢሮዋ ጠርዝ ላይ ጥቁር ቅባት ሲጋገር መጀመሪያ ላይ ያለው ትንሽ መከፈት ይዛባል። ለስሮትል ቦዲ በተሠራ ስፕሬይና በጨርቅ አጽዳው። ቢራቢሮዋን በጣትህ በኃይል አትግፋት፣ ውስጥ ያሉት ጥርሶች ፕላስቲክ ናቸው። ሌላው የሞተር መያዣ ጎማ ነው። በቀኝ በኩል ያለው የሞተር ማውንት ውስጡ ፈሳሽ አለው፣ በዕድሜ ይቀደድና ያፈሳል። ከሥሩ ጥቁር ቅባት ካየህ አለቀለት። ታች ያለው ማውንትም ሲላላ ሞተሩ መጀመሪያ ራሱ ይንቀሳቀሳል፣ ከዚያ በኋላ ነው ጉልበቱ ጎማ ላይ የሚደርሰው። አንተ "ዘግይታ ትመልሳለች" የምትለው ሞተሩ ተነስቶ እስኪቀመጥ ያለው ጊዜ ሊሆን ይችላል። ይህንን በዓለም ላይ ያለ ሪማፕ ሁሉ አያስተካክለውም።

መልስ (ከዴንቨር)

ጎረቤት ነን። የግፊቱን ነገር እኔ ልመልስልህ፣ ምክንያቱም እዚህ ከተማ ያለ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እሱ ላይ ነው። የአንተ 12 ከማፍሰስ የመጣ አይደለም፣ ከከፍታችን የመጣ ነው።

በባሕር ጠለል የአየሩ ግፊት 14.7 ፒኤስአይ ነው። እኛ ዘንድ 1,600 ሜትር ላይ ወደ 12.2 አካባቢ ነው። ሱፐርቻርጀር ያገኘውን አየር ነው የሚያባዛው። ባሕር ጠለል ላይ 15 የሚያሳይ ሰው በጠቅላላው 29.7 አለው ማለት ነው፣ ይህም ከገባው አየር 2 እጥፍ ገደማ ነው። አንተ 12.2ን በ2 አባዛው፣ 24.4 ይመጣል፣ ከዚያ ውጭ ያለውን 12.2 ቀንስ። ጌጅህ የሚያሳይህ ልክ እሱን ነው። ስለዚህ በግፊቱ በኩል መኪናህ ጤነኛ ናት። ያ ፑሊ እዚህ ከፍታ ላይ ያጣነውን መልሶልሃል እንጂ ከባሕር ጠለል መኪና ብዙ አላስበለጠህም። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ብትሆን ደግሞ ጌጁ ከዚህም ያንሳል፣ መኪናዋ ሳትታመም።

ቤንዚኑን ግን ተጠንቀቅ። እዚህ ርካሹ ቤንዚን ኦክቴኑ (ማንኳኳትን የመቋቋም ደረጃው) 85 ነው፣ ከዚያ 87፣ ላይኛው 91። ከፍታ ቦታ 85 ይበቃል የሚባለው ለድሮ ተራ መኪና ነው። ሱፐርቻርጀር ላላት፣ በዚያ ላይ ፑሊዋ ለተቀነሰ መኪና ሁሌም 91 ሙላ። አነስተኛ ቤንዚን ስትሰጣት ሞተሩ ማንኳኳት ይጀምራል፣ ኮምፒውተሩ ያንን ሲሰማ የካንዴላውን የእሳት ሰዓት ያዘገያል፣ አንተም እግርህ ላይ የሚሰማህ ድንዝዝ ያለ መኪና ነው። ካንዴላዎቹም ለዚህ ፑሊ አንድ ደረጃ ቀዝቃዛ የሆኑ (ሙቀትን ቶሎ የሚያስወግዱ) መሆናቸውን እይ፣ የቀድሞው ባለቤት ፑሊውን ቀይሮ ካንዴላውን ትቶት ሊሆን ይችላል።

መልስ (ከዳላስ)

ፔዳል ቦክሱን ሰዎች ለምን እንደሚያጣጥሉት አይገባኝም። እኔ ሌላ መኪና ላይ ነው ያለኝ፣ ሱፐርቻርጀር ያለው ትልቅ ስምንት ሲሊንደር። ገጠምኩት፣ ነዳጅ መስጫው ላይ ያለው ልዩነት ወዲያውኑ ነው የሚታወቀው፣ ገመዱን ሰክተህ ጨረስክ፣ ካልወደድከው ትነቅለዋለህ። ኮምፒውተር መክፈት የለ፣ ዋራንቲ ላይ ጣጣ የለ። ሁሉም ሰው ላፕቶፕ ይዞ የኮምፒውተሩን ካርታ (የቁጥር ሰንጠረዥ) እንዲስል አይጠበቅበትም።

መልስ (ከሽቱትጋርት)

የዳላሱ ወንድማችን ያለው ለጤነኛ መኪና ይሠራል። ፔዳል ቦክስ የሚያደርገው አንድ ነገር ነው። አንተ 20 ፐርሰንት ስትረግጥ ለኮምፒውተሩ 35 ረገጠ ብሎ ይነግረዋል። ጉልበት አይጨምርም፣ ግን መኪናዋ የነቃች ትመስላለች። እዚህ ያለው ችግር ግን ባይፓሱ ድንበር ላይ መወዛወዙ ነው። እዚያ ላይ የእግርህን ምልክት ብታጋንነው ትንሽ የእግር መንቀጥቀጥ ትልቅ ትሆናለች፣ መሳብና መልቀቁም ይብሳል። በዚያ ላይ አውሮራ ክረምት ላይ በረዶ አለ፣ የፊት ጎማዋ የምትስብ ቀላል መኪና ላይ ስል የሆነ ነዳጅ መስጫ በበረዶ ደስ አይልም።

እኔ ሥራዬ ሶፍትዌር ነው፣ መኪናዎቼን ራሴ ነው የማስተካክላቸው፣ እና ከሁሉም በፊት የምለምነው አንድ ነገር ነው። መዝግብ። እግርህ የሚሰማውን ብቻ ይዘህ ካርታ አትንካ። ነዳጅ መስጫን ረግጠህ መኪናዋ እስክትሄድ ድረስ ብዙ ነገር በመሃል አለ፣ የትኛው እንደዘገየ የሚነግርህ መዝገብ ነው።

ርካሽ የኦቢዲ ስካነር (ከመኪናዋ ኮምፒውተር መረጃ የሚያነብ) እና አንድ የስልክ አፕ ይበቃሃል። የዚህች መኪና የመረጃ መስመር የድሮው ቀርፋፋ ዓይነት ነው፣ ስለዚህ ሃያ ነገር በአንዴ ልመዝግብ ብትል በሴኮንድ ውስጥ አንዴ እንኳ ላያነብልህ ይችላል። አራት ብቻ ምረጥ፦ የነዳጅ መስጫው ቦታ፣ የስሮትሉ መከፈት፣ የማኒፎልድ (ወደ ሲሊንደሮቹ አየር የሚያከፋፍለው ቱቦ) ግፊት፣ የእሳት ሰዓት። ከዚያ ባዶ መንገድ ፈልገህ፣ ሁለተኛ ማርሽ ላይ፣ ከ2,000 ዙር ጀምረህ ነዳጅ መስጫውን አንድ ሩብ ያህል ረግጠህ ያዝ። ሰው አጠገብህ ይቀመጥና ስልኩን እሱ ይያዝ፣ አንተ መንገዱን እይ።

ንባቡ እንዲህ ነው። ነዳጅ መስጫው ወጣ፣ ስሮትሉም ወዲያው ተከትሎት ወጣ፣ ግፊቱ ግን ዘገየ ወይም ከፍ ዝቅ አለ፤ ይህ የአየር መንገዱ ችግር ነው፣ ከላይ መካኒኩ እንደነገረህ ባይፓስ፣ ወይም የሚያፈስ ቡት (የአየር መንገዱ የጎማ ማገናኛ)። ነዳጅ መስጫው ወጣ፣ ስሮትሉ ራሱ ዘግይቶ ተከተለ፤ አሁን የሶፍትዌር ወሬ ማውራት ይቻላል። ሁለቱም ጥሩ ሆነው፣ ግፊቱም ደህና ሆኖ፣ የእሳት ሰዓቱ ድንገት ከወረደ ደግሞ ሞተሩ እያንኳኳ ነው፣ የዴንቨሩ ልጅ ያለውን ቤንዚንና ካንዴላ እይ። አራቱም መስመሮች ንጹሕ ሆነው እግርህ ግን መዘግየት ከተሰማው ማውንቶቹ ናቸው፣ ጉልበቱ አለ፣ መንገድ ላይ እየጠፋ ነው። ሱፐርቻርጀር እንደ ተርቦ ጭስ እስኪያሽከረክረው አይጠብቅም፣ ሞተሩ ሲዞር አብሮ ይዞራል፣ ስለዚህ ዘገየ ሲባል ምክንያት አለው ማለት ነው፣ ምክንያቱም ይገኛል።

ጠያቂው

በጣም ነው የማመሰግናችሁ፣ ይህን ያህል አልጠበቅኩም።

ቱቦውን ነቅዬ ደፈንኩት፣ ሃቫና ላይ ወጣሁ፣ መሳብና መልቀቁ ሙሉ በሙሉ ጠፋ። ፓምፕ ተውሼ ስስበው መርፌው ዓይኔ እያየ ይወርዳል። ስለዚህ ዲያፍራሙ ነው። የስሮትሉን ቦዲም አጸዳሁት፣ በጣም ቆሽሾ ነበር። የሞተሩን ማውንት አየሁት፣ ደረቅ ነው።

ሁለት ጥያቄ። አዲስ ባይፓስ ልግዛ ወይስ የስፕሪንጉን ማስተካከያ ብነካካው ይሆናል? ከዚያ ደግሞ ከቆመችበት ስትነሳ ያለው ነገር ካጸዳሁት በኋላ ተሻሽሏል ግን ትንሽ ቀርቷል። መዝገቡ ላይ ነዳጅ መስጫው መጀመሪያ ላይ ሲነካ ስሮትሉ በጣም በዝግታ ነው የሚከተለው፣ ከዚያ በአንዴ ይዘላል። ግፊቱና የእሳት ሰዓቱ ደህና ናቸው። ይህ ሶፍትዌር ነው ማለት ነው?

መልስ (ከአሌክሳንድሪያ፣ መካኒኩ)

ዲያፍራሙ ካፈሰሰ ማስተካከያ መነካካት ዋጋ የለውም፣ አዲስ ግዛ። ስፕሪንጉ ጠንከር ያለ፣ ለዚሁ ችግር ተብሎ የተሠራ ባይፓስ አለ፣ ከኦሪጅናሉ የተሻለ ነው እላለሁ። ብቻ ስፕሪንጉን ከመጠን በላይ አታጥብቀው። በጣም ከጠበቀ ቀስ ብለህ ስትሄድም አይከፈትም፣ ቱቦውን ደፍነህ እንደነዳሃት ዓይነት ትሆናለች፣ ትሞቃለች፣ ትበላለች። ትክክለኛው ቦታ ሚኒሞ ላይ ቆማ ስትሠራ ሙሉ በሙሉ ክፍት ሆኖ፣ እግርህን ጫን ስታደርግ ሳያመነታ የሚዘጋበት ነው።

ባይፓሱ ጋ ለመድረስ ኢንተርኩለሩን (የተጨመቀውን አየር የሚያቀዘቅዘውን) ማውረድ አለብህ። አንዴ ከወረደ ሁለቱን ጫፍ የሚያገናኙትን የጎማ ቡቶች ገልብጠህ እያቸው። ዘይት የነካቸው ጎማዎች ይለሰልሳሉ፣ ማሰሪያቸው ሥር ይሰነጠቃሉ፣ ከላይ ሲታዩ ግን ምንም አይመስሉም። ተጠራጥረህ ከሆነ ቀይራቸው፣ ርካሽ ናቸው። ስትመልስ የማሰሪያዎቹን ብሎኖች ከአንድ ወገን ጨርሰህ አታጥብቅ፣ ግራ ቀኝ እያፈራረቅህ ሂድ፣ አለዚያ ቡቱ ተጣሞ ይገባና እንደገና ታወርደዋለህ።

አንድ ያልጠየቅከኝን ልንገርህ፣ ምክንያቱም ዝም ብዬ ባልፍ ያሳስበኛል። የዚህች መኪና የውሃ ፓምፕ የሚዞረው በሱፐርቻርጀሩ ጫፍ ባለ ጥርስ ነው፣ ያ ጥርስ የራሱ ትንሽ ዘይት አለው፣ ከሞተሩ ዘይት ጋር አይገናኝም። ፋብሪካው ለዕድሜ ልክ ብሎ ስለሞላው ማንም አይቀይረውም፣ ወደ 100,000 ማይል አካባቢ ሲደርስ ደርቆ ይገኛል። ከደረቀ ጥርሱ ይበላል፣ ፓምፑ ይቆማል፣ ሞተሩ ይሞቃል። የአንተዋ ፑሊዋ ትንሽ ስለሆነ ሱፐርቻርጀሩ ከፋብሪካው በበለጠ ፍጥነት ነው የሚዞረው። ማይልህ እዚያ ከደረሰና የዘይቱ ታሪክ ካልታወቀ ከሪማፕ በፊት ለእሱ ገንዘብ አስቀምጥ። የሱፐርቻርጀር ዘይት ራሱን የቻለ ነው፣ የሞተር ዘይት እንዳታደርግበት።

መልስ (ከሽቱትጋርት)

መዝገብህን አየሁት። አዎ፣ አሁን ሶፍትዌር ማለት ይቻላል፣ ግን ገና አንድ እርምጃ አለ። ስሮትሉን ስላጸዳኸው ኮምፒውተሩ ስለ ቢራቢሮዋ ዝግ ቦታ የያዘው ትዝታ ቆሽሻ በነበረችበት ጊዜ የተማረው ነው። በሚኒ ላይ የሚሠራ ስካነር ፈልገህ የስሮትሉን አዳፕቴሽን (ያንን የተማረውን) አጥፋውና እንደገና እንዲማር አድርገው። ከዚያ ጥቂት ቀን ንዳትና እንደገና መዝግብ። ብዙ ሰው እዚህ ደረጃ ላይ ነው ችግሩ የሚያልቅለት።

አላለቀም ካልክ ወደ ካርታው እንሂድ። ለዚህ ሞተር ቤት ውስጥ ማንበብና መጻፍ የሚያስችል ሶፍትዌር በገመድ ይሸጣል። ከመጀመርህ በፊት የኦሪጅናሉን ፋይል አንብበህ ሁለት ቦታ አስቀምጥ። በምትጽፍበት ጊዜ ባትሪው ላይ ቻርጀር ይሰካ፣ ላፕቶፑም ኤሌክትሪክ ላይ ይሁን፣ ማረፊያ ሁኔታ ውስጥ እንዳይገባ አጥፋው። መጻፍ መሃል ላይ ቮልቴጅ ወርዶ ከተቋረጠ ኮምፒውተሩ ላይነሳ ይችላል፣ ያኔ የምትጠራው ሰው ከመጀመሪያው ሪማፕ ይበልጥ ነው የሚያስከፍልህ።

የምትነካው አንድ ሰንጠረዥ ብቻ ነው፣ የነዳጅ መስጫውን ቦታ በዙሩ መሠረት ወደ ስሮትል መከፈት የሚተረጉመውን። የእሳት ሰዓትና የቤንዚን ካርታዎችን አትንካ፣ እነሱ ሌላ ዓለም ናቸው፣ በዚህ ፑሊ ላይ ስህተት ፒስተን ነው የሚያስከፍለው። የነዳጅ መስጫው ሁለት ሴንሰር አለው፣ ኮምፒውተሩ ሁለቱን እያስተያየ ነው የሚያምነው። ያንን ማስተያያ ላጥፋ የሚል ምክር ካየህ ገጹን ዝጋ። መኪናዋ በራሷ እንዳትሮጥ የሚጠብቃት እሱ ነው።

ሰንጠረዡ ላይ መጀመሪያ የመዝገቡን ዝላይ ፈልገው። ከ5 እስከ 25 ፐርሰንት ባለው የነዳጅ መስጫ ቦታ፣ ከ3,000 ዙር በታች፣ ቁጥሮቹ ለጥ ብለው ቆይተው አንድ ቦታ ላይ ድንገት የሚወጡ ከሆነ አገኘኸው። የለጥ ያለውን ትንሽ ከፍ አድርግ፣ የሚወጣውን አለስልሰው፣ እያንዳንዱ ቁጥር ከበፊቱ እንዳያንስ ተጠንቀቅ። በአንድ ጊዜ ሁለት ሦስት ፐርሰንት ብቻ። ከላይ ያለውን ከ60 በኋላ እንዳለ ተወው። ብዙ ሰው የሚያበላሸው ሁሉንም ወደ ላይ ስቦ ነው። የመጀመሪያው ቀን ደስ ይላል፣ ከዚያ ፓርኪንግ ውስጥ ስትገባ፣ ፍሪሲዮን ቀስ ብለህ ስትለቅ መኪናዋ አትታዘዝህም። ጥሩ ነዳጅ መስጫ እግርህ በጠየቀው ልክ የሚመልስ ነው። ፈጣኑ ሁሌ ጥሩ አይደለም።

አንድ ለውጥ፣ አንድ መዝገብ፣ በዚያው መንገድ፣ ሞተሩ በሞቀ ጊዜ። ሞተሩ ሳይሞቅ ያለው ባሕርይ ሌላ ስለሆነ በእሱ አትፍረድ።

እኛ ዘንድ ጀርመን ፑሊም ሶፍትዌርም ተመርምሮ መኪናው ሰነድ ላይ ካልተመዘገበ መንገድ ላይ መውጣት አይፈቀድም፣ እናንተ በዚህ ይቀላችኋል። ግን ዴንቨር አካባቢ የጭስ ምርመራ እንዳለ አውቃለሁ።

መልስ (ከዴንቨር)

አለ፣ አውሮራም ውስጥ ነው። አዳፕቴሽን ስታጠፋ ወይም ባትሪ ስትነቅል ኮምፒውተሩ በራሱ የሚያደርጋቸው ፍተሻዎችም ሊጠፉ ይችላሉ፣ እንደገና እስኪጨርሳቸው ደግሞ በተለያየ ፍጥነት፣ ከቀዝቃዛ ጀምሮ እስክትሞቅ መነዳት አለባት። የምርመራ ቀንህ ከቀረበ መጀመሪያ አስመርምራትና ከዚያ ንካት። ነክተሃት ከሆነም በዚያው ስካነር ፍተሻዎቹ ማለቃቸውን ሳታይ አትሂድ።

ኢንተርኩለሩን የምታወርድበትን ቀን ንገረኝ። ባለ ኮከብ ቁልፎች ሙሉ ስብስብ አለኝ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ክፍት ነኝ።